ለጋሼ ያነበብኳቸው የመምረጥ ቃላት

ጋሼ ማንበብ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ በር ላይ ሰው ሲቆም ሰው መሆኑን ያውቃሉ፤ ፊደል ግን አይታያቸውም። ዕድሜያቸውን በሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ አንድ ሥራ ጀምረው ነበር። የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደል ተራ ሳይሆን በዘመድ በዘመድ እያሰባሰቡ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። የመሄድ ቃላት ለብቻ፣ የመቆጣት ቃላት ለብቻ፣ የማረስ ቃላት ለብቻ። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ትርጉሙንና ከየት እንደመጣ ይጽፋሉ። ዓይናቸው እምቢ ሲላቸው ደብተሩ የመምረጥ ቃላት ላይ ቆመ።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በእሳቸው ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። አገሬ አንኮበር ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ቤት ሩቅ ስለነበር ቀረሁ። ቀን ቀን ምንጣፍ የሚሠራበት ትንሽ ቤት ውስጥ የበግ ፀጉር እለያለሁ። ነጩን ከጥቁሩ፣ የትከሻውን ለስላሳ ከእግሩ ሻካራ፣ እሾህና ገለባ የያዘውን ከንጹሑ። ከሥራ የምወጣው አስር ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የደብረ ብርሃን ፀሐይ ለመጨረሻ ጊዜ ግድግዳ ታሞቃለች፤ ጋሼም ወንበራቸውን አስወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን እጄን ታጥቤ ወደ ክፍሌ ሳልፍ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ታውቂያለሽ?»

«ትንሽ» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ከበሩ ሥር ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር።

«ትንሽ አለችህ። ከዚች ልጅ ጋር እኮ ለመነጋገር አስተርጓሚ ያስፈልጋል።»

እውነታቸውን ነው። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ፀጉር በምንለይበት ቤት ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ገና በገባሁ በሳምንቴ «ድዳ ናት እንዴ?» ብለው ኃላፊያችንን ጠይቀው ነበር። ከጋሼ ጋር ግን ውሎ ሲያድር ማውራት ቀለለኝ። ስለማያዩኝ ይመስለኛል።

የምናነብበት መጽሐፍ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነው፤ ጀርባው ተልጦ በጨርቅ ተለብጧል። እኔ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ እሳቸው ገጣጥመው ቃሉን ያወጡታል።

«ሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ኢ።»

«ቹዝ!» አሉ፣ የድሮ ተማሪያቸው መንገድ ላይ ያገኛቸው ይመስል። «መምረጥ ማለት ነው። አሁን ወደ ታች ውረጂና በትንሹ የተጻፈውን ፈልጊልኝ። አገሩንና ወላጆቹን የሚናገረው እሱ ነው።»

ጋሼ አዲስ ቃል ሲመጣ፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ቤታቸው የገባ ያህል፣ አገርህ የት ነው፣ የማን ልጅ ነህ ብለው ሳይጠይቁ አይለቁትም። በትንሹ የተጻፈችውን አንዲት መስመር ፊደል በፊደል ጠርቼ ለመጨረስ ያን ቀን ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ልትወርድ ስትል ነው የጨረስኩት። እሳቸው አልቸኮሉም።

«ቹዝ አገሩ እዚያው እንግሊዝ ነው» አሉኝ። «ከሌላ ቋንቋ የተዋሱት አይደለም። ወደ ላይ ወደ አያቶቹ ስትሄጂ ግን ከመቅመስ ጋር ዘመድ ሆኖ ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ መምረጥ መቅመስ ነበር።»

«ይሄን ለማወቅ ነው ይሄ ሁሉ መጽሐፍ?» አሉ እትዬ። «ገበያ ላይ ቅቤ ሳትቀምስ የምትገዛ ሴት ካየህ ንገረኝ። አንተ ብቻ ነህ ሳትቀምስ ያገባኸኝ።»

«ወጥሽን የቀመስኩት ከሠርጉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ረፍዷል።»

እትዬ አንድ የባቄላ ፍሬ ወረወሩባቸው። ጋሼ ደረታቸው ላይ ያረፈውን ፍሬ በእጃቸው ፈልገው አገኙና በሉት።

እንዲህ እያልን ከኅዳር ጀምሮ በየቀኑ አነበብን። እሳቸው የሚሉትን በአማርኛ ደብተሩ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሴሌክት እና ኢሌክት የሚባሉት ቃላት ሁለቱም የላቲን ልጆች ናቸው፤ እናታቸው መልቀም ማለት ናት። አንደኛው ለቅሞ ለብቻ ማድረግ ነው፤ ሌላው ከመካከል ለቅሞ ማውጣት። «ያንቺ ሥራ ነው» አሉኝ ጋሼ። «አንቺ ቀኑን ሙሉ ስትሴሌክቺ ነው የምትውዪው።» ኮሌክት ደግሞ የተለቀመውን አንድ ላይ መሰብሰብ ነው። ኔግሌክትም ከዚያው ቤት ነው የወጣው፤ ሳይለቅሙ ማለፍ ማለት ነው፤ ዛሬ ችላ ማለት ሆኗል። ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ማንበብ ነው። በላቲን ማንበብም መልቀምም አንድ ቃል ነው። ሌክቸር የሚሉት ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ በማንበቤ አፍር ነበር። ለካ የድሮ ሰዎች ማንበብን ሲሰይሙት እንዲሁ መልቀም ብለውት ነበር። ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዲሊጀንት የሚለውን ሲሰሙ ጋሼ ራሳቸው ቆም አሉ። ትጉህ ማለት ነው እያሉ ስንት ዓመት አስተምረውታል። እኔ ያነበብኩላቸው ትንሿ ጽሑፍ ግን ከብዙ መካከል ለይቶ መውደድ ትላለች።

«ይሄን አንብቤዋለሁ፤ ልብ ግን አላልኩትም» አሉ። «ተጉ ተጉ እያልኩ ስንት ልጅ ገርፌያለሁ። ውደዱት ማለት ነበረብኝ።»

«አሁን ሂድና ይቅርታ ጠይቃቸው» አሉ እትዬ።

«ግማሾቹ አያት ሆነዋል እኮ።»

ለገና አንኮበር ሄድኩ። በበዓሉ ማግስት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ከእኛ በላይ ካለው መንደር ለሆነ ልጅ እኔን ሊጠይቁ ነው። ልጁን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ገብስና ባቄላ የሚያርስ፣ ሰው የማይሳደብ፣ እናቱን የሚረዳ ነው ይላሉ፤ እኔም ክፉ ነገር አላየሁበትም። አልጠላሁትም። አላውቀውም። ማግባትም፣ ደብረ ብርሃንን ትቼ መመለስም አልፈለግኩም።

አባቴ ከሽማግሌዎቹ ተነሥቶ ወደ ጓዳ መጣ። እኔ ከእናቴ ጋር ቆሜ ነበር።

«ሰምተሻል እናቴ» አለኝ። አባቴ ሲወደኝ እናቴ ነው የሚለኝ። «ምን ትያለሽ?»

እግሬን አየሁ። የምለው ነገር አፌ ውስጥ ነበር፤ አልወጣም። አባቴ ትንሽ ቆመ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ወጣ። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፁን ሰማሁት።

«ልጄ እሺ ብላለች።»

በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትጠየቅ ቶሎ እሺ ካለች ቀብጣለች ይባላል። ስለዚህ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም እሺታ ሆኖ ይወሰዳል። ብዙዎቹ በልባቸው እሺ ብለው ነው ዝም የሚሉት፤ ስለዚህ ነገሩ ይሠራል። እኔ ግን ዳቦ ትፈልጊያለሽ ስባልም ዝም የምል ልጅ ነኝ። ከሰው ሁሉ አባቴ ይሄን ያውቅ ነበር። ደስታው አስረሳው። ሽማግሌዎቹ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ሊመለሱ ተቀጣጥረው ሄዱ።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም። ፀጉር ስለይ ነጩን ከጥቁሩ ጋር እየቀላቀልኩ ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ መለሰችብኝ። ማታ ማታ ብርዱ ሲጠነክር አባቴ ጋ እደውላለሁ።

«አባዬ።»

«አቤት እናቴ። ውርጩ እንዴት ነው? እዚህ ባቄላውን ጨረሰው። እናትሽ ገብስ እያሰጣች ነው፣ ጠላ ልትጠምቅልሽ።»

«እሺ» እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ ዛሬም ያልኩት እሺ ብቻ እንደሆነ ትዝ ይለኛል።

ጥምቀት ሊደርስ ሰሞን የደረስንበት ቃል ዲሳይድ ነበር። መወሰን ማለት ነው፤ ሲወለድ ግን ቆርጦ መጣል ማለት ነበር።

«ቁርጥ ማድረግ እንላለን እኛስ» አሉ እትዬ። «ቀን እንቆርጣለን፤ ልባችንን እንቆርጣለን። ፈረንጅና እኛ በዚህ እንኳ ተስማምተናል።»

ቀን መቁረጥ ሲሉ ሽማግሌዎቹ የሚመለሱበት እሑድ ትዝ አለኝ። ቶሎ ብዬ ቀጣዩን ቃል ጠራሁ። ኦፕሽን ነው፤ አማራጭ። እናቱ መመኘት ናት። ጋሼ ደስ አላቸው።

«አየሽ፣ ይሄኛው ከሌሎቹ ይለያል። ከመቅመስም ከመልቀምም በፊት መመኘት አለ ነው የሚለው። አንቺ ለምሳሌ ምን ትመኛለሽ?»

ዝም አልኩ። ጋሼ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው እኔ የተቀመጥኩበትን ዱካ ዳበሱ።

«አንቺ ልጅ፣ አለሽ? ዝም ስትዪ እኮ ትተሽኝ የሄድሽ ነው የሚመስለኝ።»

«አለሁ» አልኩ። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እያለቀስኩም ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ጓዳው፣ አባቴ መጋረጃውን ገልጦ ወጥቶ ስላለው ነገር። እትዬ ሥራቸውን ትተው መጥተው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እርስዎ ቢደውሉለትስ ጋሼ?» አልኩ። «መምህር ናቸው ብሎ ይሰማዎታል።»

መዝገበ ቃላቱን ከጭኔ ላይ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ብደውል ደስ ይለኝ ነበር። አባትሽ ግን አንድ ጊዜ ያላልሽውን አለች ብሏል። አሁን ደግሞ ከእኔ አፍ ቢሰማ፣ አሁንም አንቺን አልሰማም። ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ነው።»

ተቀየምኳቸው። በማግሥቱ ራስ ምታት ነው ብዬ ሳላነብ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን እትዬ በሬን አንኳክተው አወጡኝ። የጋሼን ጋቢ ተከናንበው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ነበር።

«እህ!» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ወንበሩ ላይ እየተኮፈሱ። «እኛ እንግዲህ ከላይኛው መንደር የመጣን ሽማግሌዎች ነን። የልጅቱን መልስ ለመስማት ነው። ተናገሪ!»

ሳቅ ያዘኝ።

«ሽማግሌ ፊት ይሳቃል? ባለጌ! ተናገሪ!»

«ያን ቀን ዝም ያልኩት እሺ ብዬ አይደለም» አልኩ።

«አልሰማሁም» አሉ ጋሼ ከግድግዳው ሥር።

ደገምኩት።

«አሁንም አልሰማሁም።»

«ሰውዬው ዓይኑ ነው የጠፋው ወይስ ጆሮው?» አሉ እትዬ። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላስታውስም። መጨረሻ ላይ ጮህኩ፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤት ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አለች። እትዬ ባርኔጣቸውን አንሥተው በአክብሮት ሰላምታ ሰጧት።

ቅዳሜ አንኮበር ደረስኩ። መንገዱ ጉም ነበር፤ ሚኒባሱ መብራት አብርቶ እየዳኸ ነው የወጣው። እናቴ ጠላውን ጠምቃ፣ ቤቱን ለቅልቃ፣ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተውሳ ጠበቀችኝ። አባቴ አጥር እየጠገነ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«አባዬ።»

«እ?»

«ምንም።»

«ደክሞሻል፤ ግቢና እረፊ» አለኝ። እንጨቱን በድንጋይ እየመታ ሲያፏጭ ሰማሁት። አባቴ ሲያፏጭ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የምናገረው ነገር ከሽማግሌዎቹ ይልቅ እሱን እንደሚጎዳው ያን ጊዜ ገባኝ። ቃል የሰጠው እሱ ነው። በመንደሩ የሚኖረው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከእነሱ ጋር የሚቆመው እሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ ቁጭ በሉ እስኪባሉ ቆሙ፤ ተባሉና ተቀመጡ። እኔ የቆሎ ሰፌድ ይዤ ወጣሁ። ትልቁ ሽማግሌ መርቀውኝ ነገሩን ጀመሩ።

«ባለፈው ልባችንን አሳርፋችሁ ሸኝታችሁናል። ዛሬ ቀኑን ለመቁረጥ ነው የመጣነው።»

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ አባቴ።

ሰፌዱን አላስቀመጥኩም።

«አባዬ፣ ያን ቀን ዝም ያልኩት እሺ ብዬ አይደለም።»

አባቴ እኔ የተናገርኩ አልመሰለውም፤ መጀመሪያ እናቴን ነው ያየው።

«ምን አልሽ?»

«እሺ አላልኩም። ምንም አላልኩም። መናገር አቅቶኝ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «አባት ቃል ከሰጠ በኋላ ነው ይሄ የሚባለው? በሽማግሌ ፊት?»

«ተዋት፣ እየተናገረች ነው» አሉ ትልቁ።

አባቴ አቀርቅሮ እጁን ያይ ነበር። ዝም አለ። እኔ ዝም ስል ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ መለየት አልቻልኩም። በመጨረሻ ቀና አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አላቸው ለሽማግሌዎቹ። «ልጄ አንድ ቃል ሳይወጣት እሺ ብላለች ብዬ ነገርኳችሁ። ዝም እያለች ነው ያደገችው፤ ማወቅ ነበረብኝ። ውሸት የነገርኳችሁ እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አሁን ጠይቄሻለሁ። ምን ትያለሽ?»

«አልፈልግም አባዬ። ልጁን ጠልቼ አይደለም። ማግባት አልፈልግም፤ ገና ነኝ።»

«ለልጁ ምን ብለን ልንነግረው ነው?» አሉ ምርኩዛቸውን የመቱት።

«አልፈልግም አለች እንለዋለና» አሉ ትልቁ። «ሌላ ምን አለ? ሴት ልጅ እንዲህ ጥርት አድርጋ ስትነግረኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ መላልሼ ከመምጣት ተገላገልኩ።» እናቴን ዞር ብለው አዩ። «ጠላውን ግን እምቢ አላለችም መሰለኝ።»

ሁለቱ ጠጡ፣ መረቁ። ሦስተኛው ሳይቀምሱ ወጡ። አባቴ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኝቷቸው ሲመለስ ከብቶቹን ሊያይ ወረደ፤ እስኪመሽ አልገባም። እናቴ «ቀስ ብለሽ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ፤ መልስ ሳትጠብቅ ደግሞ አቀፈችኝ። አባቴ ራት በላና ተኛ። አላናገረኝም። ጠላውን ሳይቀምሱ የወጡት ሽማግሌ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አባቴን በሩቁ ነው ሰላም የሚሉት።

ጠዋት ስነሣ አባቴ ቦርሳዬን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጉሙ ከአፋር በኩል እየወጣ መንገዱን ሸፍኖታል። ፊትና ኋላ ሆነን ብዙ ሄድን።

«ቁርስ በልተሻል?» አለኝ፣ ሳይዞር።

ዝም አልኩ፤ በልማድ ነው። እሱ ግን ቆመ። ዞሮ አየኝ፤ ቦርሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛውሮ ጠበቀኝ።

«በልቻለሁ» አልኩ።

«ጥሩ» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አባቴ በሩን ይዞ ወደ ውስጥ አየ።

«ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ከፊት ነው፣ አንዱ ከመስኮቱ ጋር። የትኛው ይሁንልሽ?»

ሰዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«አባት፣ ያስገቧትና እንሂድ እንጂ» አለ ሾፌሩ።

«ቆይ» አለ አባቴ፣ እጁን ከበሩ ላይ ሳያነሣ። «ልጄን እየጠየቅኳት ነው።»

«ከመስኮቱ ጋር» አልኩት።